የጡት ልጅ፦ ያልወለደች እናት ወተት በመተማና በምዕራብ ጎንደር ቆላ ታሪክ



መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመተማ ጦር ሜዳ በጥይት ቆሰሉ፤ በማግስቱም አረፉ። ይህን የማያውቅ በዚህ አዳራሽ ውስጥ የለም። ንጉሠ ነገሥቱ ከማረፋቸው በፊት ግን በዙሪያቸው ለነበሩት መኳንንት አንድ ጉዳይ አስታወቁ። እስከዚያ ቀን ድረስ የወንድማቸው ልጅ ተብሎ ይታወቅ የነበረው መንገሻ ከአብራካቸው የወጣ ልጃቸው መሆኑን ተናገሩ፤ ወራሻቸውም አደረጉት። የወንድም ልጅ የነበረው በአንድ ቃል ልጅ ሆነ። ቃሉ ዙፋኑን አላስገኘለትም፤ ልጅነቱን ግን አጽንቶለታል። ከዚያ ወዲህ ታሪክ የሚያውቀው ራስ መንገሻ ዮሐንስ ብሎ ነው።

ይህን ያነሣሁት የሥልጣን ሽግግርን ታሪክ ለመተረክ አይደለም። ልጅን ልጅ የሚያደርገው ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ በዚያ ድንበር ላይ እንግዳ አለመሆኑን ለማሳየት ነው። በሀገራችን ሰው በደም ልጅ ሆኗል፤ በቃል ሆኗል፤ በጥምቀት ሆኗል፤ በውል ሆኗል። እኔ ዛሬ ላወሳችሁ የምሻው ግን በወተት የሆነውን ነው። በተለይም ያልወለደችው ሴት የምታጠባውን ወተት።

በዘመናችን ይህ ጉዳይ የሚነሣው በሁለት መልክ ነው። አንደኛው ልጅ በጉዲፈቻ ከምትወስድ ሴት ዘንድ ነው። ሁለተኛው ሕፃኗ በሌላ ሴት ማሕፀን ውስጥ አድጎ ከሚወለድላት ሴት ዘንድ ነው። ሁለቱም፦ «እኔ ሳልወልድ ጡቴ ሊያግት ይችላልን?» ብለው ይጠይቃሉ። ይህ የሐኪም ጥያቄ ነው፤ መልሱም አዎን የሚል መሆኑን ወደ ኋላ እናያለን። ከእርሱ ጋር የሚመጣው ሁለተኛ ጥያቄ ግን የታሪክ ተማሪን ይመለከታል፦ «ባጠባውስ፣ እኔ ለእርሱ ምኑ እሆናለሁ?» ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ አባቶቻችንና እናቶቻችን ከሐኪሞቹ በፊት ጠይቀውታል፤ መልስም ሰጥተውበታል። የዛሬው ንግግሬ መልእክት በአጭሩ ይህ ነው፦ በእኛ ታሪክ ወተት ዝምድናን የሚፈጥር ነገር ነበር፤ ዝምድናውን የሚያጸናው ግን ወተቱ ብቻ ሳይሆን ለሰጠችው ሴት የሚደረገው እውቅና ነበር። እውቅናው በቀረበት ሥፍራ ወተት ዝርፊያ ሆኗል።

ከቃላት ልጀምር። የቋንቋ ሊቃውንት እንደሚያስረዱት «ልጅ» የሚለው የአማርኛ ቃል ወለደ ከሚለው ግስ ጋር አንድ ሥር አለው። ልጅ ማለት እንግዲህ የተወለደ ነው። «ሕፃን» ግን ከዚህ ሥር አይደለም። ሕፃን የመጣው ሐፀነ ከሚለው የግእዝ ግስ ነው፤ ትርጉሙም አቀፈ፣ ተንከባከበ፣ አሳደገ ማለት ነው። ሐፃኒት የምትባለውም ሕፃን የምትይዝና የምታሳድግ ሴት ናት። በቃሉ አመሠራረት ሕፃን የሚባለው ሰው የታቀፈው ነው፤ ማን እንደ ወለደው ቃሉ አይጠይቅም። ዐረብኛም ይኸው ሥር አለው። በሸሪዓ ሕግ ልጅ የመያዝና የማሳደግ መብት «ሐዳና» ይባላል። ስለዚህ ከመተማ ወዲህ ያለው ቄስና ከገላባት ወዲያ ያለው ቃዲ ስለ ሕፃን አያያዝ ሲነጋገሩ፣ ሳያስተውሉት በአንድ ሥርወ ቃል ይነጋገራሉ።

አማርኛ ዝምድናን በምግብ የመሰየም ልማድም አለው። አባት ሌላ ሴት ሲያገባ ሴቲቱ የእንጀራ እናት ትባላለች፤ ልጁም የእንጀራ ልጅ ይሆናል። ሥጋ ሳይሆን ማዕድ ያገናኛቸዋል ማለት ነው። ከዚህ ጎን የክርስትና ልጅ አለ፤ የጡት ልጅ አለ። የጉዲፈቻ ልጅ ደግሞ አለ፤ ጉዲፈቻ ራሱ ከኦሮምኛ የመጣ ሲሆን ሥሩ ማሳደግ ማለት ነው። ዛሬ በአማርኛ የተጻፈው ሕጋችን የሚጠቀምበት ቃል ይኸው መሆኑ በአጋጣሚ የሆነ አይመስለኝም። ባዕድን ልጅ የማድረግ ጥበብ በዚህ ሀገር ከአንድ ሕዝብ ወደ ሌላው ሲተላለፍ የኖረ ጥበብ ነው።

ቅዱሳት መጻሕፍትን የሚያነብ ሰውም ይህን አያጣውም። ሙሴን ልጅ ያደረገችው የፈርዖን ልጅ ናት፤ ጡት የሰጠችው ግን በደመወዝ የተቀጠረችው ወላጅ እናቱ ነበረች። በመጽሐፈ ሩት መጨረሻ የሩት ልጅ ሲወለድ ጎረቤቶች ልጁ የተወለደው ለአማቷ ለኑኃሚን እንደ ሆነ ተናገሩ፤ አሮጊቷም ሕፃኑን ታቅፋ አሳደገችው። መጽሐፉ ኑኃሚን አጠባች አይልም። የሚለው አቀፈች፣ አሳደገች ነው፤ ሐፀነ የሚለው ግስ ሙሉ ትርጉሙም ይኸው ነው።

አሁን ወደ «የጡት ልጅ» ልለፍ። ይህ አባባል በታሪካችን ዘይቤ ብቻ አልነበረም፤ ሥርዓት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1843 ጀምሮ ለሦስት ዓመት ያህል በአገራችን የኖረው እንግሊዛዊው ማንስፊልድ ፓርኪንስ በ1853 ባሳተመው መጽሐፉ ሥርዓቱን ገልጾታል። ከለላ የሚሻ ሰው ወደ ባለ ሥልጣን ወይም ወደ ባለ ጸጋ ይቀርባል፤ እጁን ይይዛል፤ ጣቱን ይጠባል፤ ልጁ መሆኑንም ያውጃል። ከዚያ በኋላ ያ ሰው በሚችለው ሁሉ ሊረዳው ግዴታ አለበት።

ይህን ሥርዓት ልብ በሉልኝ። ጠቢው ጎልማሳ ነው፤ ጡት አባት የሚሆነውም ወንድ ነው። ወተት በመካከላቸው የለም፤ ሊኖርም አይችልም። ሆኖም ሁለት ጎልማሶች የአባትና ልጅ ቃል ኪዳን ለመግባት ሲፈልጉ የእናትና የሕፃንን ሥራ በምሳሌ መድገም ነበረባቸው። ከጡት የበለጠ የሚያስተሳስር ነገር ማኅበረሰቡ ስላላወቀ ጣት በጡት ፋንታ ቆመ። ለዚህም ነው ከሀዲን «ጡት ነካሽ» የምንለው። ስድቡ የሚከብደው ጡት ግዴታን ይፈጥራል ብሎ በሚያምን ሕዝብ ዘንድ ብቻ ነው።

ወደ ቆላው እንውረድ። የቋራ ወረዳ በደቡብ በኩል ከመተከል ጋር ይዋሰናል። የታሪክ ተመራማሪው ጸጋ እንዳለው በመተከል የነበሩትን የዕርቅ ሥርዓቶች ባጠኑበት ሥራቸው «ሉባ ባሳ» እና «ሐርማ ሆዳ» የተባሉትን ሁለት ተቋማት አብራርተዋል። ሐርማ በኦሮምኛ ጡት ነው፤ ሐርማ ሆዳ ጡት መጥባት ማለት ነው። ልዩ ልዩ ቋንቋ የሚናገሩ፣ አንዳንዴም ደም የተቃቡ ሕዝቦች ጎን ለጎን በሚኖሩበት በዚያ ምድር በጡት ስም ዝምድና መመሥረት የሰላም መንገድ ነበር። የደጋው የጡት ልጅ በአመዛኙ ታናሹን ከታላቁ ጋር ያስተሳስራል። የቆላው ሐርማ ሆዳ ግን ሕዝብን ከሕዝብ ለማስታረቅ ያገለግል ነበር። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በድንበር ምድር ዘመድ ማፍራት የመትረፍ ጉዳይ ነው፤ ወተት ደግሞ የቋንቋም የዘርም ወሰን የለውም።

መተማ የእስልምናም ምድር ናትና አሁን ሦስተኛውን ሥርዓት ላንሣ፤ ከሁሉም ይበልጥ በሕግ የተብራራው እርሱ ነው። ቁርኣን በአራተኛው ምዕራፍ ጋብቻ የማይፈጸምባቸውን ሴቶች ሲዘረዝር ያጠቡ እናቶችንና የጡት እኅቶችን ከሥጋ ዘመዶች ጎን አስቀምጧቸዋል። ነቢዩ መሐመድን በሕፃንነታቸው ያጠባቻቸው ሐሊማ መሆኗ ይታወቃል። ትውልዷ ከሐበሻ እንደ ሆነ የሚተረከው ኡሙ አይመን ደግሞ ታቅፋ ያሳደገቻቸው ሴት ነበረች፤ እንደ እናትም አክብረዋታል። የሕግ ሊቃውንት ስንት ጊዜ መጥባት ዝምድናን ያጸናል በሚለው ተከራክረዋል። የሻፊዒ መዝሀብ አምስት ጊዜ ሲል፣ የሐነፊና የማሊኪ መዝሀቦች ጥቂቱም ይበቃል ይላሉ።

ለእኛ ርእስ ግን ከሁሉ የሚጠቅመው ሌላው ክርክራቸው ነው። ሊቃውንቱ «ሳታረግዝና ሳትወልድ ወተት የወረደላት ሴት ብታጠባ ዝምድናው ይጸናልን?» ብለው ጠይቀዋል። የሐነፊ፣ የማሊኪና የሻፊዒ መዝሀቦች ይጸናል አሉ፤ በሐንበሊዎች ዘንድ ግን ልዩነት ተፈጠረ። እንግዲህ ያልወለደች ሴት ወተት የዘመናችን የሕክምና ግኝት ብቻ ነው የሚል ሰው ካለ፣ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት የነበሩ የሕግ ሰዎች ጉዳዩን በስም ጠርተው እንደ ፈረዱበት ይወቅ። የማይታወቅ ነገር ላይ ይህን ያህል አይከራከሩም።

የዚህ ፍርድ ውጤት ዛሬም ሕያው ነው። እስልምና የማደጎን ልጅ ከወላጁ የዘር ሐረግ አውጥቶ በአሳዳጊው ስም መጥራትን አይፈቅድም። ስለዚህ በጉዲፈቻ የመጣ ወንድ ልጅ ሲጎለምስ ለአሳዳጊ እናቱ ባዕድ ይሆናል፤ በፊቱ መሸፋፈን ግድ ይሆንባታል። በሕፃንነቱ ካጠባችው ግን የጡት ልጇ ነውና ባዕድነቱ ይቀራል። በልዩ ልዩ ሀገሮች የሚኖሩ ሙስሊም አሳዳጊዎች ያለ ወሊድ ወተት የማምጣትን ሕክምና የሚሹበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

እስካሁን የተናገርሁት የታሪኩን ብሩህ ገጽ ነው። ሌላውን ገጽ ሳልገልጥ ባልፍ የታሪክ መምህር አልባልም።

መተማና ገላባት በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የንግድ በር ነበሩ። ከዳርፉርና ከዚያም ወዲያ ከምዕራብ አፍሪካ የመጡ ተክሩሮች የሠፈሩበት፣ ሼኮቹ ለኢትዮጵያም ለግብጽም የሚገብሩበት ሥፍራ ነበር። ሰም፣ ቡና፣ ጥጥና ከብት ይሸጥበታል፤ ሰውም ይሸጥበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1862 በዚያ ያለፈው እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር ለሽያጭ የቀረቡ ወጣት ሴቶችን አይቶ ጽፏል። ከዚያ በኋላ ጦርነቱ መጣ። በጥር 1879 ዓ.ም. የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ገላባትን መትተው አቃጠሉ፤ ሴቶችና ሕፃናት ተማረኩ። በዓመቱ፣ በጥር 1880 ዓ.ም.፣ የመሐዲስቱ አዛዥ አቡ አንጃ ጎንደርን አቃጥሎ ብዙ ሴቶችንና ሕፃናትን ወደ ሱዳን ነዳ። ከዚያም የመተማው ጦርነትና ክፉ ቀን የምንለው ታላቁ ረኃብ ተከታትለው መጡ።

አንድ ጥያቄ ላቅርብላችሁ። ምርኮኛ ሲነዳ በመንገድ እናቱ የሞተችበት የአንድ ዓመት ሕፃን በሕይወት የሚደርሰው እንዴት ነው? በዚያ ዘመን ጡጦ የለም፤ የታሸገ ወተት የለም። ከተረፈ አንዲት ሴት አጥብታው ይሆናል። ያቺ ሴት የገዛ ልጇን ያጣች ልትሆን ትችላለች፤ ከሌላው ወገን የተማረከች ልትሆን ትችላለች። ከጦርነት የተረፉ ሕፃናት ባሉበት ሁሉ፣ ስማቸው ያልተጻፈ አጥቢ ሴቶች ነበሩ። ይህ በምናብ የተፈጠረ ሳይሆን ከሕፃን ተፈጥሮ የሚነሣ የማይቀር ድምዳሜ ነው። የጦርነት ታሪክ ስንጽፍ በጥይት የወደቁትን ቆጥረን በወተት የተነሡትን መዝለላችን ድርሳናችንን ጎዶሎ ያደርገዋል።

ከእነዚህ ሴቶች ብዙዎቹ በፈቃዳቸው አላጠቡም። በደጋው ባለ ርስትና መኳንንት ቤት ልጆች በባርያ ሴቶች እጅ ያድጉ ነበር። ከድንበሩ ወዲያም ከኢትዮጵያ የተነዱ ሴቶች በሱዳንና በግብጽ ቤቶች ለቁባትነትና ለቤት ሥራ ይሸጡ ነበር። በእስልምና ሕግ የባርያ ሴት ወተትም ዝምድናን ያጸናል፤ የጌታዋን ልጅ ያጠባች ሴት የጡት እናቱ ናት፤ ልጆቿም የጡት ወንድሞቹና እኅቶቹ ናቸው። ይሁንና የጡት ዝምድና ጋብቻን ይከለክላል እንጂ ውርስ አያስገኝም፤ ባርነትንም አያስቀርም። ወተቷ እናት አደረጋት፤ ነጻ ግን አላወጣትም። በክርስቲያኑም ቤት ልጁ አድጎ ያጠባችውን ሴት እንደ ንብረት ሲያያት ኖሯል። በሀገራችን ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ ብዙ አዛውንት ከሚያስታውሱት ዘመን እጅግ የራቀ አይደለም።

ስለዚህ የጡት ልጅነትን ታሪክ ስናወድስ «ያጠባችው ሴት እሺ ብላ ነበርን?» ብለን መጠየቅ ይገባናል። ጥያቄው የጥንት ብቻ አይደለም። ዛሬ ማሕፀኗን ለሌላ ልጅ በምታከራይ ድኻ ሴት ላይ የሚነሣውም ይኸው ጥያቄ ነው። አንዲቱ ተሸክማ ወልዳ ስሟ ይረሳል፤ ሌላይቱ ሳትወልድ አጥብታ እናት ትባላለች። በሁለቱ መካከል ፍትሕ ሊኖር የሚችለው ሁለቱም ሲታወቁ ነው።

አሁን ቃል የገባሁትን የሐኪሞቹን መልስ በአጭሩ ላስረዳ። ነፍሰ ጡር ሴት ጡቷ የሚዘጋጀው ኤስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን በተባሉ ሆርሞኖች ነው። የእንግዴ ልጅ ከወጣ በኋላ ፕሮጄስትሮን በድንገት ይቀንሳል፤ ወተት የሚያመነጨው ፕሮላክቲን ሥራውን በሙሉ ኃይል ይጀምራል። ወተቱን ወደ ውጭ የሚገፋው ደግሞ ኦክሲቶሲን ነው። ፕሮላክቲንም ሆነ ኦክሲቶሲን ወደ ደም የሚለቀቁት ከአንጎል ሥር ካለች ትንሽ ዕጢ ነው እንጂ ከማሕፀን አይደለም። ዕጢዋን ደግሞ የሕፃኑ መጥባት ይቀሰቅሳታል። ስለዚህ ማሕፀኗ ያልወለደ፣ ወይም ከብዙ ዓመት በፊት የወለደ ሴት ሕፃን በቀንና በሌሊት ስምንት፣ ዐሥር፣ ዐሥራ ሁለት ጊዜ ቢጠባት፣ ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ጡቷ ሊያግት ይችላል። ቀድሞ ያጠባች ሴት ይቀላታል፤ ሕፃኑም ከሁለት ወር በታች ሲሆን ጡት መያዝ አይከብደውም።

ለዚህ ከአፍሪካም ከሌላም ዓለም ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ1956 የታተመ የሕክምና ጽሑፍ በደቡብ አፍሪካ የልጅ ልጆቻቸውን ያጠቡ አያቶችን ጉዳይ መዝግቧል። በ1981 በአሜሪካ የታተመ ጥናት በጉዲፈቻ የወሰዱትን ልጅ ያጠቡ 240 ሴቶችን መርምሯል። ብዙዎቹ ተጨማሪ ወተት መስጠት ነበረባቸው። ሆኖም የወተቱን መጠን ሳይሆን ከሕፃኑ ጋር መቀራረብን ያሰቡት ይበልጥ ረክተው ተገኝተዋል። በፓፑዋ ኒው ጊኒ ጡጦ ያለ ባለሙያ ትእዛዝ እንዳይሸጥ በሕግ ስለ ተከለከለ እናት ለሞተበት ሕፃን ሌላ አጥቢ መፈለግ የተለመደ ነበር፤ በ1994 የታተመ ጥናት 37 ሴቶችን ተከታትሎ አብዛኞቹ እንደ ተሳካላቸው አሳይቷል። በካናዳ ደግሞ ልጇ በሌላ ሴት ማሕፀን አድጎ በ1999 የተወለደላት ሌኖር ጎልድፋርብ ከሐኪሙ ጃክ ኒውማን ጋር ሆና በመድኃኒት የታገዘ መንገድ ቀየሰች። ለወራት የወሊድ መከላከያ እንክብልና ዶምፔሪዶን የተባለ መድኃኒት ይወሰዳል፤ ከዚያም እንክብሉ ቆሞ ጡቱ በመሣሪያ ይታለባል። መድኃኒቱ የልብ ምትን ሊያዛባ፣ እንክብሉም ደም ሊያረጋ ስለሚችል ያለ ሐኪም ክትትል የሚሞከር ነገር አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ1998 ባወጣው መመሪያ ያስተማረው ግን መድኃኒት የማይጠይቅ ጥበብ ነው። ቀጭን ቱቦ አንድ ጫፉ ወተት ባለበት ኩባያ ውስጥ ይገባል፤ ሌላው ጫፍ ከጡቷ ጫፍ ጋር ይያያዛል። ሕፃኑ ጡቱን ሲጠባ ከኩባያው ወተት ያገኛል፤ አይራብም፤ መጥባቱም ጡቷን ያነቃቃል። የእርሷ ወተት ሲጨምር የኩባያው ይቀነሳል። እናቶቻችን ለአራስ የሚሠሩት አጥሚት፣ ለወተት ይበጃል ብለው የሚሰጡት አብሽ የሴቲቱን አካልና ልብ ያጽናናል፤ ዋናው ቀስቃሽ ግን የሕፃኑ አፍ ነው።

ታዲያ ሕጋችን ስለዚህ ወተት ምን ይላል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ጉዲፈቻን በውል የሚመሠረት ግንኙነት አደረገው፤ ሕጉ በሸፈናቸው ጉዳዮች ላይ የነበሩትን የልማድ ደንቦችም ሻረ። የጡት ልጅነት በዚያ ዕለት ከሕግ መጽሐፍ ውጭ ሆነ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በ1995 ዓ.ም. የአማራ ክልል ያወጣው የቤተሰብ ሕግም ተከትሎት፣ ጉዲፈቻ በፍርድ ቤት እንዲጸድቅ ያዝዛል። በፌዴራሉ ሕግ አሳዳጊው ከ25 ዓመት ማነስ የለበትም፤ ፍርድ ቤቱም የሕፃኑን ጥቅም መመርመር አለበት። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው፤ ሕፃንን ከሽያጭና ከማጭበርበር ይጠብቃል። በጥር 2010 ዓ.ም. የውጭ ሀገር ጉዲፈቻ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ እናት አባት የሌለው ሕፃን ተስፋው በሀገሩ ሰው ላይ ሆኗል። ይኸው ሕግ የጉዲፈቻ ልጅ ከትውልድ ቤተሰቡ ጋር ያለው ትስስር እንደማይቋረጥ መደንገጉም የሚመሰገን ነው፤ አንድ ሰው ሁለት እናት ሊኖረው እንደሚችል መንግሥት አመነ ማለት ነውና። ወተት ግን በሕጉ ውስጥ የለም። የጡት ዝምድና ዛሬ የሕግ ክብደት የሚያገኘው ተከራካሪዎች ፈቅደው በሚቀርቡባቸው የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ ለመተማ ዛሬ ምን ይረባታል? ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲፈነዳ በመተማ በኩል የገባው ሕዝብ ሱዳናዊ ብቻ አልነበረም፤ በሱዳን የኖሩ ኢትዮጵያውያንና የሌሎች ሀገሮች ሰዎችም ነበሩ። በኩመርና በአውላላ የስደተኞች መጠለያዎች ተቋቋሙ። ኩመር በመጀመሪያው ዓመት የኮሌራ ወረርሽኝ ገጥሞታል። ውኃው እንዲህ በሆነበት፣ ወባ በማይጠፋበት፣ ለሰሊጥ አጨዳ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ በየዓመቱ በሚጎርፍበት፣ የክልሉም የጸጥታ ችግር መንገድ በሚዘጋበት ቆላ እናቱን ያጣ ሕፃን ሁለት መንገድ አለው። አንዱ በዱቄት ወተትና በጡጦ ነው፤ ንጹሕ ውኃና ማገዶ ሲታጣ ይህ መንገድ ራሱ ገዳይ ይሆናል። ሁለተኛው የሴት ጡት ነው። አክስቱ፣ አያቱ ወይም ጎረቤቱ ልታጠባው ትችላለች። ዘንድሮ ያልወለደች ሴት አታጠባም ብለን ካመንን ግን እርሷን ከማሰባችን በፊት ሕፃኑን እናጣዋለን።

ስለዚህ ታሪካችንን ለጤና ባለሙያው፣ ለሃይማኖት አባቱና ለዳኛው ማቀበል ግዴታችን ነው። ባለሙያው አጥቢዋ የኤች.አይ.ቪ. ምርመራ እንድታደርግ፣ በቂ ምግብ እንድታገኝና የቱቦውን ዘዴ እንድትማር ይርዳት። ሙስሊም ቤተሰብ ከሆነ ማን ማንን እንዳጠባች በጽሑፍ ይያዝ፤ ነገ ጋብቻ ሲመጣ ጥያቄው መነሣቱ አይቀርምና። ክርስቲያን ቤተሰብም ቢሆን ልጁ ያጠባችውን ሴት ስም የማወቅ መብት አለው። ከሁሉ በፊት ግን ሴቲቱ ትጠየቅ። የምታጠባው ወድዳ እንጂ ተገድዳ ወይም ተርባ መሆን የለበትም። በገላባት ገበያ ከተሸጡት ሴቶች ታሪክ የምንማረው አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው።

ያነሣኋቸው ሥርዓቶች፣ የደጋው የጡት ልጅም፣ የመተከሉ ሐርማ ሆዳም፣ የእስልምናው የጡት እናትነትም፣ በአንድ ነገር ይስማማሉ። ሦስቱም ግንኙነቱ ስም እንዲኖረው ይሻሉ።  ሳትወልድ ጡቷ ያጋተላት የዘመናችን ሴት፣ ልጁ በጉዲፈቻ ቢመጣም በሌላ ሴት ማሕፀን አድጎ ቢወለድም፣ ከሐኪሙ ወተቱን ታገኛለች። ስሙን ግን ሐኪሙ ሊሰጣት አይችልም። ስሙን የምንሰጣት እኛ ነን፤ ከሌላ ሀገር መዋስ አያስፈልገንም፤ የጡት እናት የሚል ቃል አለንና። ይህንኑ ቃል ስንናገር፣ ተሸክማ የወለደችውንም ሴት እናት ብለን መጥራትን አንርሳ።